ጦማረ ልዮን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት የከፈለው የኬልቄዶን ጉባኤ (451) ነገር ሲነሣ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም ይሁን በማኅበራዊ ሚዲያ ክርክር፣ «የልዮን ደብዳቤ» መባሉ አይቀርም። ደብዳቤውን ያነበበው ግን ጥቂት ሰው ነው። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። አባቶቻችን ይህን ደብዳቤ ያልተቀበሉበት ምክንያት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አንቀበለውም የምንለው ምን እንደሆነ ለይተን ማወቅ አለብን። ከዚህ በታች ብዙ ሰው የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች እንደሚገባኝ መልሻለሁ። ሌላ ካላልኩ በቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጦማረ ልዮን ምንድን ነው?

የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ልዮን ለቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ለፍላብያኖስ ሰኔ 13 ቀን 449 የጻፈው ደብዳቤ ነው። የተጻፈው በላቲን ነው። ብዙም ረጅም አይደለም፤ ስድስት ምዕራፍ ብቻ ነው። ርእሰ ጉዳዩ አንድ ነው፦ ሰው የሆነው አምላክ፣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፣ አምላክነቱና ሰውነቱ እንዴት ይነገራል?

ልዮን ማን ነበር?

ከ440 እስከ 461 የሮም ፓፓ የነበረ ሰው ነው። ካቶሊኮችና የግሪክ ኦርቶዶክሶች «ታላቁ» ይሉታል። በ452 የሁኖቹ ንጉሥ አቲላ ሰሜን ጣልያንን ሲያወድም፣ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ሄዶ ያነጋገረው እሱ ነው። ጥሩ ሰባኪ ነበር፤ ላቲኑም የተዋበ ነው። ግሪክኛ ግን አያውቅም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ክርክሩ የተነሣው ግሪክኛ በሚናገረው ምሥራቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሩቅ፣ በትርጉም እየሰማ ነው መልስ የጻፈው።

ደብዳቤው ለምን ተጻፈ?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነው። አውጣኪ ይባላል። በቁስጥንጥንያ ወደ 300 መነኮሳት ያሉበት ገዳም አበምኔት ነበር። ቤተ መንግሥት ውስጥ ጠንካራ ሰው ነበረው፤ በንጉሡ በዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዘመን እንዳሻው ያዝዝ የነበረው ጃንደረባ ክሪሳፍዮስ የክርስትና ልጁ ነበር።

በኅዳር 448 የዶሪሌዩሙ ጳጳስ አውሳብዮስ አውጣኪን ከሰሰው። ይህ አውሳብዮስ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ገና ምእመን ሳለ፣ አንዱን ክርስቶስ ለሁለት ይከፍላል ተብሎ በኋላ የተወገዘውን የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ንስጥሮስን ፊት ለፊት ከተቃወሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ፍላብያኖስ ጉባኤ ሰብስቦ አውጣኪን አስጠራው። አውጣኪ ደጋግሞ ቀረ። በመጨረሻ ሲመጣ «ከተዋሕዶ በፊት ሁለት ባሕርይ፣ ከተዋሕዶ በኋላ አንድ ባሕርይ» አለ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከረረ። «ክርስቶስ በሥጋው ከእኛ ጋር አንድ ነው ትላለህ?» ሲባል ግን አመነታ። «እስከ ዛሬ እንዲህ አላልኩም፤ እናንተ ካላችሁ እላለሁ» ዓይነት መልስ ሰጠ። ጉባኤው አወገዘው።

አውጣኪ ዝም አላለም። ወደ ሮም አቤት አለ። ፍላብያኖስም የጉባኤውን ቃል ላከ። ልዮን ሁለቱንም ካየ በኋላ ነው ደብዳቤውን የጻፈው።

በደብዳቤው ውስጥ ምን አለ?

የሚጀምረው በአውጣኪ ላይ ነው፤ ከረር ያለም ነው። ልዮን አውጣኪን እጅግ አላዋቂ ይለዋል። ቅዱሳት መጻሕፍትን መመርመር ቢያቅተው እንኳ፣ ምእመናን ሁሉ በአንድ ድምፅ የሚደግሙትን ጸሎተ ሃይማኖት መስማት ነበረበት ይላል። «ከመንፈስ ቅዱስና ከድንግል ማርያም የተወለደ» የሚለው ቃል ብቻ ይበቃው ነበር ባይ ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ይገባል። የእግዚአብሔር ልጅ ከአብ ጋር ያለውን ሳይተው ከእናቱ ሥጋን ነሣ። አምላክነቱ አልጎደለም፤ ሰውነቱም ምትሐት አይደለም። «ሕማም የማይደርስበት አምላክ ሕማም የሚደርስበት ሰው መሆንን አልናቀም» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ቅዳሴ ላይ ብትሰሙት የሚከነክናችሁ አይመስለኝም።

አራተኛው ምዕራፍ የደብዳቤው ልብ ነው። ልዮን ከወንጌል ጥንድ ጥንድ እያደረገ ያቀርባል። በጨርቅ የተጠቀለለው ሕፃን የመላእክት ምስጋና ይቀርብለታል። የሚራበው፣ የሚጠማው፣ የሚደክመው፣ የሚተኛው አለ፤ በአምስት እንጀራ አምስት ሺህ ሰው የሚያጠግበው፣ በባሕር ላይ የሚሄደው አለ። ለአልዓዛር ያለቅሳል፤ አልዓዛርን ከመቃብር ይጠራል። «እኔና አብ አንድ ነን» ይላል፤ «አብ ከእኔ ይበልጣል» ይላል። ልዮን እነዚህ ጥንዶች ከአንድ ባሕርይ አይደሉም ይልና አንዱን ለአምላክነቱ፣ ሌላውን ለሰውነቱ ያከፋፍላል። ለ1,500 ዓመት ያከራከረችው ዓረፍተ ነገር ያለችውም እዚሁ ነው፦

«እያንዳንዱ መልክ ከሌላው ጋር በመተባበር የራሱን ይሠራል፤ ቃል የቃልን ይሠራል፣ ሥጋም የሥጋን ይፈጽማል። ከእነዚህ አንዱ በተአምራት ያበራል፣ ሌላው ለግፍ ይሸነፋል።»

«መልክ» ያለው ባሕርይን ነው። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ «ደጋግሞ ሊባል የሚገባው ነውና፣ አንዱና ያው ራሱ በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ፣ በእውነትም የሰው ልጅ ነው» ይላል። ሁለቱም ቃላት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። ደጋፊዎቹ ሁለተኛውን ይጠቅሳሉ፤ ተቃዋሚዎቹ የመጀመሪያውን። ሁለቱንም አንድ ላይ ያላነበበ ሰው ደብዳቤውን አነበብኩ ባይል ይሻላል።

መጨረሻ ላይ ልዮን አውጣኪ ከተጸጸተ ምሕረት እንዲደረግለት ያሳስባል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ልዮን ደብዳቤውን በጴጥሮስ መቃብር ላይ አኑሮት ታርሞ አገኘው ይባላል። እውነት ነው?

አፈ ታሪክ ነው። ልዮን ደብዳቤውን በቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር ላይ አኖረ፣ 40 ቀን ጾመና ጸለየ፣ ሲመለስ በሐዋርያው እጅ ታርሞ አገኘው ይላል ታሪኩ። የተጻፈው ከልዮን ሞት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የጻፉትም ኬልቄዶንን የሚቀበሉ ወገኖች ናቸው። በአንጻሩ ደብዳቤውን ለማርቀቅ ፕሮስፔር የተባለ የጋሊያ (የዛሬዋ ፈረንሳይ) ጸሐፊ ረድቶታል የሚል አሮጌ ምስክርነት አለ። ይህኛው በጣም የሚያስኬድ ነው። የሮም ፓፓዎች ጸሐፊ ነበራቸው።

በ449 በኤፌሶን ጉባኤ ላይ ለምን አልተነበበም?

የልዮን መልእክተኞች ደብዳቤውን ይዘው ነሐሴ 449 ኤፌሶን ደረሱ። ጉባኤውን የመራው የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ ነው። እንዲነበብ ጠየቁ። ደብዳቤው ይቅረብ ተባለ፤ ወዲያው ግን የንጉሡ ደብዳቤ ይቅደም ተባለና ታለፈ። ከዚያ በኋላ አልተነበበም። ጉባኤው አውጣኪን መለሰ፤ ፍላብያኖስንና አውሳብዮስን ሻረ። የሮሙ ዲያቆን ሂላሩስ በላቲን «ተቃውሞ አለ!» ብሎ ጮኸና አምልጦ ሮም ገባ። በኋላ እሱ ራሱ ፓፓ ሆነ። ፍላብያኖስ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ልዮንም ጉባኤውን «የወንበዴዎች» ብሎ ጠራው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ደብዳቤው መነበብ ነበረበት። ተነቦ፣ ቃል በቃል ተመርምሮ፣ ንስጥሮስን ከተቃወመው ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከቄርሎስ ትምህርት ጋር ተነጻጽሮ መልስ ቢሰጠው ኖሮ የኋላው ታሪክ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አስባለሁ። በዲዮስቆሮስ ቅድስና አልጠራጠርም። ያቺ ቀን ግን ለተቃዋሚዎቹ ትልቅ መሣሪያ ሰጠች።

በኬልቄዶን ሁሉም በአንድ ድምፅ ተቀበሉት?

አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ጴጥሮስ በልዮን አፍ ተናገረ» የሚለው ጩኸት ብቻ ነው። ጩኸቱ እውነት ነው፤ በጉባኤው መዝገብ አለ። ግን እዚያው ጩኸት ውስጥ «ቄርሎስም እንዲሁ አስተማረ» የሚልም አለ። መለኪያቸው ቄርሎስ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በነገሥታቱ ነው። በሐምሌ 450 ቴዎዶስዮስ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። እኅቱ ብርክልያ መርቅያንን አግብታ አነገሠችው። ክሪሳፍዮስ ተገደለ። ጥቅምት 451 ጳጳሳቱ በኬልቄዶን፣ በቅድስት ኤውፌምያ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰቡ። ጥቅምት 10 ደብዳቤው ተነበበ።

ሲነበብ የእልዋሪቆን (በባልካን አካባቢ) እና የፍልስጥኤም ጳጳሳት በሦስት ቦታ አስቆሙ። አንዷ ያቺ «እያንዳንዱ መልክ የራሱን ይሠራል» የምትለው ናት። እንግዲህ አስቡት፣ እነዚህ ሰዎች የዲዮስቆሮስ ወገን ተብለው የተገፉ አይደሉም፤ ጉባኤው ውስጥ የተቀመጡ ጳጳሳት ናቸው። ቃሉን እንደሰሙ ጆሯቸው ቆመ። ከቄርሎስ ጽሑፎች ተመሳሳይ ቃል እየተፈለገ ተነበበላቸው። የኒቆጶሊሱ አጢቆስ ግን ጊዜ ይሰጠን፣ ቄርሎስ በንስጥሮስ ላይ የጻፋቸው ዐሥራ ሁለቱ ውግዘቶች ያሉበት ደብዳቤም ይምጣልን አለ። አምስት ቀን ተሰጣቸው። ጥቅምት 17 አንድ በአንድ እየተነሡ ደብዳቤው ከኒቂያ፣ ከቁስጥንጥንያና ከኤፌሶን ሃይማኖት ጋር ይስማማል ብለው ቃል ሰጡ።

ግብፆቹ አልፈረሙም። ዐሥራ ሦስት ጳጳሳት «ፈርመን ከተመለስን አገራችን ይገድለናል፤ ሊቀ ጳጳስ እስኪሾምልን ቆዩን» ብለው ለመኑ። ቃላቸው በመዝገቡ ላይ አለ፤ ሲያነቡት ልብ ይነካል።

ከዚያ የሃይማኖቱ ውሳኔ ረቂቅ መጣ። የመጀመሪያው ረቂቅ «ከሁለት ባሕርይ» የሚል ነበር። ብዙዎቹ ጳጳሳት ወደዱት። የሮም መልእክተኞች እንሄዳለን አሉ። የንጉሡ ባለሥልጣናት ደግሞ «ዲዮስቆሮስ 'ከሁለት ባሕርይ' ይላል፣ ልዮን 'ሁለት ባሕርይ' ይላል፤ ከማን ጋር ናችሁ?» ብለው ጠየቁ። በዚህ ሁኔታ ነው «በሁለት ባሕርይ» የሚለው የገባው። «ከሁለት» ሲባል ከተዋሕዶ በኋላ አንድ ማለት ይቻላል፤ «በሁለት» ሲባል ግን ከተዋሕዶ በኋላም ሁለት ይቆጠራል።

አባቶቻችን የነቀፉት በትክክል የቱን ነው?

ከሁሉ በላይ ያቺን ዓረፍተ ነገር። ምክንያቱ ይህ ነው። «ቃል የቃልን ይሠራል፣ ሥጋም የሥጋን ይፈጽማል» ሲባል፣ ሠሪው ስንት ነው? ሥራ የሚሠራው አካል ነው። ቃል ለብቻው ሠሪ፣ ሥጋም ለብቻው ፈጻሚ ከሆኑ ሁለት ሠሪዎች ጎን ለጎን ቆሙ ማለት ነው። ታላቁ የአንጾኪያ ሊቅ ሳዊሮስ የተከራከረው በዚህ ላይ ነው። የእስክንድርያው ጢሞቴዎስም እንዲሁ።

የተዋሕዶ መልስ እንዲህ ነው። በአልዓዛር መቃብር ፊት ያለቀሰው ቃል ነው፣ በሥጋ። አልዓዛርን የጠራውም ቃል ነው፣ በሥጋ አፍ። በባሕር ላይ የሄደው መለኮት ብቻ ነው እንዳንል፣ የረገጡት እግሮች የሥጋ ናቸው። የተራበው ሥጋ ብቻ ነው እንዳንል፣ ረሃቡን የራሱ ያደረገው ቃል ነው። ሊቃውንቶቻችን በጋለ ብረት ያስተምሩታል፦ መዶሻ ሲያርፍበት የሚመታው ብረቱ ነው፣ የሚያቃጥለው እሳቱ ነው፤ ግን እሳቱን ከብረቱ ለይተህ ይህ ለዚህ፣ ያ ለዚያ ብለህ አታነሣውም። አንድ ሆኗል። እሳቱም ብረት ሆኖ አልቀረም፣ ብረቱም እሳት ሆኖ አልጠፋም። ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት።

ሁለተኛው ነቀፋ «ሁለት ባሕርይ» በሚለው አቆጣጠር ላይ ነው። በእስክንድርያ አነጋገር ባሕርይ ሲባል ራሱን ችሎ ያለ ነገር ይገባል። ስለዚህ ከተዋሕዶ በኋላ ሁለት ብሎ መቁጠር ሁለት ክርስቶስ እንደ ማለት ይሰማል። ቄርሎስ «አንድ ሥጋ የለበሰ የእግዚአብሔር ቃል ባሕርይ» ያለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የደብዳቤው ቃል አይደለም፤ አብሮት የመጣው ነገር ነው። በ449 ተሽረው የነበሩት፣ ቄርሎስን አጥብቆ የተቃወመው ቴዎዶሪጦስና የሮሃው ጳጳስ ኢባስ፣ በዚያው ጉባኤ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ደብዳቤው የጸደቀው እነዚህ ሰዎች በተመለሱበት መድረክ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን ነገር ለያይተው ሊያዩ አልቻሉም። እኔም አልፈርድባቸውም።

ታዲያ ልዮን ንስጥሮሳዊ ነበር?

በቀጥታ እንዲህ ማለት አይቻልም። ልዮን ንስጥሮስን በስሙ እየጠራ አውግዟል፤ «አንዱና ያው ራሱ» የሚለውንም ደጋግሟል። ንስጥሮስ እንዲህ ያለውን ቃል ለመናገር ነው የተቸገረው። በሌላ በኩል ንስጥሮስ በግብፅ በግዞት ሳለ በጻፈው መጽሐፍ ፍላብያኖስና ልዮን የእሱን ሃይማኖት እንደያዙ ቆጥሮ ተደስቷል። አባቶቻችን ያዩት አደጋ በባዶ ሜዳ የተፈጠረ አልነበረም። እንዲህ ብንለው ይሻላል፦ የልዮን ዓላማ አውጣኪን መመለስ ነበር፤ አነጋገሩ ግን ለንስጥሮስ በር ከፈተ።

ዲዮስቆሮስስ የአውጣኪን ትምህርት ስለያዘ አይደል የተወገዘው?

ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ዲዮስቆሮስ በኬልቄዶን ፊት ለፊት «አውጣኪ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውጭ ካሰበ ቅጣት ብቻ ሳይሆን እሳት ይገባዋል» ብሏል። በ449 አውጣኪን የተቀበለው የኒቂያን ሃይማኖት አምናለሁ ብሎ ጽሑፍ ስላቀረበ ነው። የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ አናቶልዮስ ራሱ በኬልቄዶን ጉባኤ ዲዮስቆሮስ የተሻረው በሃይማኖት ሳይሆን ልዮንን ስላወገዘና ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ስላልመጣ እንደሆነ ተናግሯል። ዲዮስቆሮስ ወደ ጋንግራ ተጋዘ፤ በ454 እዚያው አረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 7 ታስበዋለች፤ ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴዎች አንዱም በስሙ ይጠራል። አውጣኪንም እናወግዘዋለን፤ ይህ በመጻሕፍታችን ግልጽ ነው።

ኢትዮጵያ በኬልቄዶን ነበረች?

አልነበረችም። ጉባኤው የሮም ግዛት ጳጳሳት ጉባኤ ነው። አክሱም ግን ከአትናቴዎስና ከፍሬምናጦስ ጀምሮ የእስክንድርያ ልጅ ናት፤ እስክንድርያ የያዘችውን ያዘች። እኛ የምንቀበላቸው ሦስቱን ጉባኤዎች ነው፦ የኒቂያን በ325፣ የቁስጥንጥንያን በ381፣ የኤፌሶንን በ431። ሃይማኖተ አበውም የእነ ሳዊሮስን፣ የእነ ጢሞቴዎስን ቃል ሰብስቦ በአገራችን ሊቃውንት አፍ አኖረው።

ክርክሩ በደጃችን የመጣው በካቶሊክ ሚስዮናውያኑ በኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) ዘመን ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ ሆነ። «ሁለት ባሕርይ» በዐዋጅ ሲጫን አገር ታመሰ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሃይማኖቱን መለሰና መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። አንድ ሽማግሌ ለመገሠጽ በሮም የተጻፈው ደብዳቤ ትምህርት ከ1,100 ዓመት በላይ ቆይቶ በጎጃምና በደንቢያ ገበሬ ላይ መጣ።

ዛሬስ ማን ይቀበለዋል? ንግግር አለ?

ካቶሊኮች፣ የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንን ጨምሮ፣ ይቀበሉታል። የግሪክ፣ የሩስያና ሌሎቹ የምሥራቅ ኦርቶዶክሶችም እንዲሁ። እኛ፣ ግብፆች፣ ሶርያውያን፣ አርመኖች፣ ሕንዶችና ኤርትራውያን አንቀበለውም።

ንግግር አለ። ከ1964 ጀምሮ ኬልቄዶንን የሚቀበሉትና የማይቀበሉት የሁለቱ ወገን ኦርቶዶክስ ሊቃውንት እየተገናኙ መክረዋል፤ አንዱ ስብሰባ በጥር 1971 አዲስ አበባ ላይ ተደርጓል። በ1989 በግብፅ በአባ ብሾይ ገዳምና በ1990 በስዊዘርላንድ በሻምቤዚ የጋራ መግለጫ ወጥቷል። በ1973 ደግሞ የሮሙ ፓፓ ጳውሎስ ስድስተኛና የግብፁ ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ ሦስተኛ አንድ መግለጫ ፈርመዋል። በእነዚህ ጽሑፎች ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው ነው፣ መለኮቱ ከትስብእቱ አልተለየም የሚለው ላይ ተስማምተዋል። የጦማሩ ዓረፍተ ነገር ግን የሚነካ እሾህ ሆኖ ቀርቷል። ውግዘቱም በይፋ አልተነሣም።

ማንበብ ብፈልግ ከየት ልጀምር?

በመጀመሪያ የቄርሎስን ሁለተኛ ደብዳቤ ለንስጥሮስ አንብቡ፤ አጭር ነው። ከዚያ የልዮንን ደብዳቤ ከአራተኛው ምዕራፍ ጀምሩና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ቀጥሎ ሃይማኖተ አበውን ክፈቱ። ሦስቱን በየኔታ ወይም በጉባኤ መምህር ፊት ብታነቡ ትርፉ ብዙ ነው፤ «አካል»፣ «ባሕርይ»፣ «ግብር» የሚሉትን ሳይለዩ ወደ ልዮን መግባት ያደናግራል። «መልክ» የምትለዋን ቃል ባገኛችሁበት ሁሉ እርሳስ አኑሩና ከጎኗ «ሠሪው ማን ነው?» ብላችሁ ጻፉ።